ቀጭ ብሎ ዝም፦ መኪና አልዞርም ሲል

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አቅፈው ከኋላ ተቀምጠዋል። ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ!» ከዚያ ዝም። ደግሜ አዞርኩ። «ቀጭ!» ዝም። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ መኪናችን አኮረፈ እንዴ?» አለችኝ።

አኩርፏል። እኔ ግን ማን እንዳስቀየመው ሳልጠይቅ በግፊ አስነሳሁትና አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ቁልፉን አንዴ አዞረና «ሞተሪኖህ አልቋል» ብሎ ፈረደ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ ማለቱ ነው)። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዛሁ። ገጠመው፣ ሠራ። አሮጌውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። አራት ቀን በሰላም ነዳሁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ያው ልጆች፣ ያው ቦርሳ፣ ያው «ቀጭ!»

ትክክለኛውን በሽታ ያገኙልኝ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የሳቸውን ነገር ቆይቼ አመጣዋለሁ። ከሳቸው የተማርኩት ግን ይሄ ነው፦ አልዞር ያለ መኪና ምኑን እንዳመመው ራሱ ይናገራል። የሚናገረው በድምፁና በመብራቱ ነው። ብሎን ከመፈታቱና ብር ከመውጣቱ በፊት አንድ ደቂቃ ማዳመጥ ያዋጣል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «መኪናዬ አልነሳ አለ» ስንል ሁለት የማይገናኙ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዳንዴ ሞተሩ «ውው ውው ውው» እያለ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። እዚያ ላይ ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ወይም ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ በኩል ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም። የዛሬው ጨዋታችን ይህ ሁለተኛው ነው። መካኒክ ስትጠሩ ይህችን ልዩነት ብቻ በስልክ ብትነግሩት የሚይዘው ዕቃ ራሱ ይለያያል።

ቀጭኑ መንገድና ወፍራሙ መንገድ

የነዳጅ ሞተር ራሱን በራሱ መጀመር አይችልም። አየርና ነዳጅ ስቦ፣ ጨምቆ፣ አቃጥሎ መሽከርከር የሚችለው መጀመሪያ የሚያዞረው ካገኘ ነው። ድሮ የሚያዞረው የሰው ክንድ ነበር። ሰውየው ከመኪናው ፊት ቆሞ ብረት ሰክቶ ያዞራል። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ እጅ ይሰብራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912ቱ የካዲላክ ሞዴል ላይ (በፈረንጆቹ ነው) ከተገጠመ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ጣጣ ወደ ቁልፍ ማዞር ወረደ።

ሞተሪኖ እንግዲህ ያንን ክንድ የተካ ትንሽ ግን ጉልበተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጫፉ ላይ 9 ወይም 10 ጥርስ ያላት ትንሽ ማርሽ አለች። ቁልፉ ሲዞር ወደ ፊት ትወረወርና ከ100 በላይ ጥርስ ያለውን የቮላኖ (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቀለበት ነክሳ ታዞረዋለች። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ይህ ጉልበት በነፃ አይመጣም። አንድ የፊት መብራት አምፖል 4 ወይም 5 አምፔር ይበቃዋል። የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ግን ከ100 እስከ 200 አምፔር ይጠጣል። የናፍጣ መኪና ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ «መብራቱ በርቷል፣ ሬዲዮውም ይዘፍናል፣ ባትሪዬ ደህና ነው» የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም። ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ብርጭቆ ይሞላል። በርሜል ሙላ ቢሉት ግን ቀኑ ይመሻል።

ይህን ሁሉ ኤሌክትሪክ በቁልፉ ቀጭን ሽቦ ላሳልፍ ቢሉ ሽቦው ይቀልጣል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። ቀጭኑ መንገድ ትእዛዝ ይዞ ይሄዳል። ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ፣ በቁልፉ፣ በማርሹ ወይም በፍሪሲዮኑ ስዊች በኩል ሞተሪኖው ላይ ወደ ተጫነው ሶሌኖይድ ይደርሳል። ወፍራሙ መንገድ ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ሞተሪኖው ጋ ይደርስና በሞተሩ ብረትና በማሳ ገመዱ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው መመለሻ ገመድ) በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። መመለሻውን አስምሩበት። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ሁለቱን መንገዶች የሚያገናኘው ሶሌኖይዱ ነው። ትእዛዝ ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና በውስጡ ያለውን ብረት ይስባል። ብረቱ በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ትንሿን ማርሽ ወደ ቮላኖው ይገፋታል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችን ያገናኛል። ያን ጊዜ ወፍራሙ መንገድ ይከፈታል። የምንሰማው «ቀጭ» እሱ ነው። ስለዚህ «ቀጭ» ካለ ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው። ቁልፉን፣ ፊውዙንና የቀጭኑን መንገድ ሽቦዎች ለጊዜው እርሷቸው።

አሁን ፈተናውን እንሥራ። ማርሹን ዜሮ ወይም ፓርክ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ሬዲዮና ፋን አጥፉ። የፊት መብራት አብሩና መኪናው ፊት ሰው አቁሙ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የውስጥ መብራቱን ተመልከቱ። መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። ጆሯችሁ ሞተሩ ላይ፣ ዓይናችሁ መብራቱ ላይ ይሁን።

ቀጭቀጭቀጭቀጭ

እንደ መትረየስ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማችሁና መብራቱ አብሮ ከተርገበገበ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ባትሪው ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። ለምን እንደሚንጣጣ ማወቁ ደስ ይላል። የደከመ ባትሪም ቢሆን ሶሌኖይዱን ለመሳብ የሚበቃ አቅም አለው። ይስበዋል፣ ኮንታክቱ ይገናኛል፣ ሞተሪኖው ያንን ሁሉ አምፔር ልጠጣ ይላል። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ቮልቴጅ ዘጭ ይላል። ማግኔቱ ይደክምና ብረቱን ይለቀዋል፣ ሞላው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሸክሙ ሲወርድለት ባትሪው እንደገና ነፍስ ይዘራል። ቁልፉ ግን አሁንም እንደተያዘ ነው፣ ስለዚህ ሶሌኖይዱ እንደገና ይስባል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሞተሪኖው ጤነኛ ነው፣ የሚበላው አጥቶ ነው።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ሁለቱን ተርሚናሎች በእጃችሁ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉ። ከተንቀሳቀሱ ጥፋቱን አገኛችሁት። እኛ አገር ተርሚናል ሲላላ ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ የሚወሽቅ አይጠፋም። ለዛሬ ያደርሳል፣ ነገ ግን መንገድ ላይ ያስቀራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። አሲድ ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ አድርጉ። ኔጌቲቩ ከተፈታ፣ መፍቻችሁ ተንሸራቶ የመኪናውን አካል ቢነካም እሳት አይረጭም።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ደግሞ ግምት አያስፈልገውም። አድሮ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ቁልፉ ተዞሮ ሞተሪኖው ሲሠራ ቢያንስ 9.6 ላይ መቆም አለበት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እየሠራ ነው። 12 ላይ ከቀረ ግን አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሁለት ቀን ያው ቦታ ትመለሳላችሁ። ጥፋተኛው ዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ነው።

የአየሩ ነገርም አለ። ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሬሳውን የሚያወጣው ግን ብርድ ነው። ዱባይና ሪያድ ያሉ ወገኖቻችን በ2 ወይም በ3 ዓመት ባትሪ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። ሚኒሶታ ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪው የማስነሳት አቅሙን ግማሽ ያህል ያጣበታል፣ ዘይቱም እንደ ማር ይወፍርበታል። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ጠዋትም የደከመ ባትሪ ለማጋለጥ አያንስም።

አንዲት «ቀጭ»

ወደ እኔ ጉዳይ እንምጣ። አንዲት ጠንካራ «ቀጭ» ትሰማና ነገሩ ያበቃል። እዚህ ላይ መብራቱን ካላያችሁ ትሳሳታላችሁ። መብራቱ በጣም ከደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቷል፣ ግን የሚያዞረው ነገር ከብዶታል። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ሞተሪኖው ተቆልፎ ወይም ከባሰም ሞተሩ ራሱ ነክሶ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ቅም ካላለው ግን ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ አላለፈም።

ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ በሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች በብዙ ሺህ ጊዜ ማስነሳት ተበልተው ማለቃቸው ነው። ብረቱ ይመታል፣ ግን አይነካካም። ሌላው ካርቦኑ ማለቁ ነው። በሞተሪኖ ውስጥ ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር እየታሸ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን እንደ እርሳስ ያልቃል። ሾፌሮች ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት የሚነሳው ለዚህ ነው፣ ካርቦኑ ለጊዜው ይጠጋል። ከሠራላችሁ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ደግሞ ሁለቱም ለብቻቸው ይቀየራሉ። ጥሩ ባለሙያ ሞተሪኖውን ከፍቶ ኮንታክትና ካርቦን ይቀይርላችኋል፣ ሙሉውን ከመግዛት በጣም ይረክሳል። እኔ ማንነቱን ከማላውቀው አሮጌ ሞተሪኖ ይልቅ የራሴን ማሠራት እመርጣለሁ። ይህን የተማርኩት ግን ከገዛሁ በኋላ ነው።

ጋሼ (አዛውንቱን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ቤቴ ድረስ መጡ። መዶሻም አላነሱም፣ ሞተሪኖውንም አላዩትም። «መብራት አብራና አዙር» አሉኝ። አዞርኩ። «ቀጭ!» መብራቱ እንደ ፀሐይ ነው። «እንደገና። አሁን ያዘው፣ አትልቀቅ።» ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዝኩት። እሳቸው ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው ከነዳጅ መርገጫው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ ዳሰሱ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«ና ልጄ፣ ይህን ገመድ ንካ።»

ነካሁት። ሞቋል። ነዳጅ መስጫ ገመድ ምን ያሞቀዋል?

«ኤሌክትሪኩ አስፋልቱ ተቆርጦበት በፒስታ እየሄደ ነው» አሉ። ከዚያ የጃምፕ ኬብላቸውን አመጡ። የጥቁሩን አንድ ጫፍ ባትሪዬ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ባለ ቀለም የሌለው ብረት ላይ ቆነጠጡት። «አዙር።» ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ሽቦ ደህና ነበር። መብራቶቹ በአካሉ በኩል ስለሚመለሱ ደምቀው በሩ። ሞተሩ ግን ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጦ ነው፣ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያስተሳስር የተጎነጎነ የማሳ ገመድ አለ። የእኔው ከብሎኑ ሥር ዝጎ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ሞተሪኖው ሌላ መመለሻ ሲያጣ በነዳጁ ገመድ ለመመለስ ሞከረ። ገመዱ ሞቀ፣ ጉልበት ግን አላገኘም። ያገለገለው ሞተሪኖ አራት ቀን የሠራው ሲገጥሙት ገመዱን ስላነካኩትና ለጥቂት ቀን ስለተጠጋ ነው።

ጋሼ ገመዱን ቀየሩ፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተጉ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ሙከራ ኬብል ያለው ማንኛውም ሰው ይችለዋል። በቴስተር ማረጋገጥ የሚፈልግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ይመልከት። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል። የእኔ ከ6 ቮልት በላይ ነበር።

ጭራሽ ድምፅ የለም

መብራቱ ደምቋል፣ «ቀጭ» እንኳን የለም። ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከፓርክ ወደ ኒውትራል አውጥታችሁ ሞክሩ። በማርሹ ላይ ያለው ስዊች ሲያረጅ ፓርክ መሆኑን አያውቅም። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ። በበተን የሚነሳ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡና የሪሞቱን ባትሪ ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ሪሞቱን በተኑ ላይ አስጠግታችሁ ብትጫኑ ይነሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ኋላ የተጨመረ አላርምም የማስነሻውን መስመር የሚቆርጥበት ጊዜ አለ። ከዚያ ፊውዝና ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ይቀራሉ። ተመሳሳይ ቁጥር ካለው የክላክስ ሬሌውን ነቅላችሁ በሞተሪኖው ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ።

«ዝዝዝ» እያለ ባዶውን የሚዞር ከሆነ ትንሿ ማርሽ ቮላኖውን አልነከሰችም። ብረት በብረት ሲፋጭ ከተሰማ ጥርስ ተበልቷል። ሁለቱም የጋራዥ ሥራ ናቸው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቁልፉን ወዲያው ልቀቁ። ክረምት ላይ ጎርፍ አቋርጣችሁ መኪናው እመሃል ከጠፋና ሲሞከር «ጓ» ብሎ ከቆመ ሞተሩ ውሃ ስቦ ይሆናል። ውሃ አይጨመቅም። ብትደጋግሙት ቢዬላ (ፒስተኑን የሚገፋው ብረት) ይታጠፋል። ካንዴላው ተፈቶ ውሃው መውጣት አለበት።

እስኪሠራ ድረስ

ማኑዋል መኪና በግፊ ይነሳል። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ሲንደረደር ላጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሞተሩ እስኪነሳ መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብዱ አትርሱ። አውቶማቲክን መግፋት ግን ጉልበት ማባከን ነው። በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ጎማውንና ሞተሩን የሚያገናኘው የዘይት ግፊት ነው፣ የዘይቱ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ ካልዞረ አይሠራም።

በኬብል ስታስነሱ ቀዩን መጀመሪያ በደከመው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ። ጥቁሩን በጤነኛው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ አድርጉ። የመጨረሻዋ ንክኪ ብልጭ ትላለች፣ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ይፈነዳል። ሲሞከር ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ሞተሪኖውን አሳርፉት። ሁለቱን የሞተሪኖ ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኝተው የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። ማርሽ ገብቶ ከሆነ መኪናው በላያችሁ ላይ ይሄዳል፣ እኔ አልመክርም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ የገዙ ጓደኞቼ በዚህ ታሪክ ይስቃሉ። እውነት ነው፣ ሞተሪኖ የላቸውም። አብዛኞቹ ግን ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም።

ያ «አልቋል» የተባለው ሞተሪኖዬስ? ጋሼ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከነፌስታሉ አመጣሁላቸው። መሬት ላይ አስቀምጠው በጫማቸው ረገጥ አድርገው ያዙትና በኬብል ከባትሪው ጋር አገናኙት። ዘለል አለና ዞረ።

«ይሄንን ነው አልቋል ያሉህ?»

አሁን ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፣ እዚያው ፌስታል ውስጥ። መለዋወጫ አለኝ።